የውሰት ልጆች

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የልጅ ልጇን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ የሕፃኑን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዱ ላይ ቀጭን የላስቲክ ጥብጣብ ጠመጠመች። ጥብጣቡ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተቀብቷል። «አረንጓዴው ላይ ነው፣ ጎሽ» አለችና ወደሚቀጥለው ሕፃን አለፈች። ነገሩ ይኸው ነበር። እኔ ግን እጄን ዝቅ ብዬ ሳየው፣ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጭኔ ላይ ተጋጥመው ክብ ሠርተዋል። መቼ እንደገጠሙ አላወቅኩም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለምን ዝም እንዳልኩ ስትጠይቂኝ «ራሴን አሞኝ ነው» አልኩሽ። ራሴን አላመመኝም። ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ። ለእናትሽ ግን አትንገሪያት።

እኛ በዚያ ዘመን ጥብጣብ አልነበረንም። ያሠለጠነችን ነርስ አጭርና ቆፍጣና ሴት ነበረች። «መለኪያ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ጣት አላችሁ» አለችን። የልጁን ክንድ ከትከሻው ዝቅ ብላችሁ በሁለት ጣት ክበቡት፤ ጣቶቻችሁ ሳይቸገሩ ከተገናኙ ልጁ እየሄደባችሁ ነው። እንዲህ ነበር ያለችው፣ «እየሄደባችሁ ነው»።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ እዚሁ መቱ ከአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክል ነበር። የሕፃናት አስተማሪ ይፈለጋል ሲባል ስሜን ያስመዘገበው አባቴ ነው። ሦስት ወር ሠለጠንን። ሌሎቹ ልጃገረዶች በየከተማው መዋዕለ ሕፃናት ተመደቡ። ለእኔ የደረሰኝ ከመቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ተሂዶ፣ ከመኪናው መንገድ ተገንጥሎ በእግር አንድ ሰዓት ጫካ ለጫካ የሚያስኬድ የሰፈራ መንደር ነበር።

ሰዎቹ በድርቁ ዓመት ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። የመጡበት አገር ገላጣ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖታል። በሄድኩ ሰሞን አንዷ ሴት «እትዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትወጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቤቶቹን የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው ታዝዘው በጥድፊያ የሠሩላቸው፤ ክዳኑ ያፈሳል፣ ግድግዳው ገና አልተመረገም። መንደሩ ውስጥ ስትገቢ የሚቀበልሽ የእርጥብ ሣርና የእርጥብ እንጨት ጭስ ሽታ ነበር። ልብስ አይደርቅም። ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ ይስላሉ።

የሕፃናቱን ቤት መንግሥት አልጀመረውም፤ እናቶቹ ናቸው የጀመሩት። ይህን እወቂልኝ። ማለዳ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ወደ ማኅበሩ እርሻ ይወጣል። የቀረ ሰው ነጥብ አይያዝለትም፣ ነጥብ ያልተያዘለት ደግሞ እህል ሲታደል ይጎድልበታል። ስለዚህ ሕፃኑ ከአምስት ዓመት እኅቱ ጋር እቤት ይውላል። አንድ ቀን ከነዚህ ሕፃናት አንዱ እየዳኸ ሄዶ እጁን ምድጃ ውስጥ ከተተ። እናቱ ስትመለስ ልጁ ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ኋላ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ዳኑ። በማግስቱ ደወሉ ሲደወል አንድም ሴት ከቤቷ አልወጣችም። ሊቀ መንበሩ እየዞረ ሲጮህ፣ «በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ ልጆቹን እንጠብቅ፤ የጥበቃው ቀን እንደ እርሻ ቀን ይቆጠርልን» አሉት። ሦስት ቀን አንገራግሮ እሺ አለ። ከየቤቱ አንዳንድ እፍኝ ዱቄት ተዋጥቶ ቀትር ላይ ለልጆቹ ገንፎ ይሠራ ጀመር። እኔ የተላክሁት ከዚያ በኋላ፣ ቤቱ ከቆመ በኋላ ነው።

ወለሉን በእበት የለቀለቁልን በዕድሜ የገፉ የአገሩ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከመንደሩ በላይ፣ ከቡና ማሳቸው መሀል ነው። ሰፋሪዎቹ ከብት ስላልነበራቸው እበቱን ከቤታቸው በቅርጫት ተሸክመው አመጡ። ከዚያ ወዲያ መምጣት አልተውም። ጎደሬ ያመጣሉ፣ ያበስላሉ። ወሎዬዎቹ ጎደሬ አያውቁም ነበር፤ በደንብ ሳይበስል ከተበላ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ እየተመላለስኩ እተረጉም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሴቶቹ ያለ እኔም መግባባት ጀመሩ። አንድ ቀን፣ እንደዚህ በየቀኑ ለምን ይደክማሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ለቅሷቸው ቤቴ ድረስ ይሰማል። ተሰምቶ እንዴት ይተኛል?»

ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩን። መጫወቻ ከየት ይመጣል? ፍሬው ከተፈለፈለ የበቆሎ ቆሮቆንዳ አሻንጉሊት ሠራን፣ ከወንዙ ዳር ጭቃ አምጥተን ላምና በሬ ጠፈጠፍን፣ በደረቀ የቡና ፍሬ መቁጠር አስተማርን። በተራ የሚውሉት እናቶች መጀመሪያ ከልጅ ጋር መጫወት ያፍሩ ነበር። ወር ሳይሞላቸው ከልጆቹ ብሰው «አሁን የኔ ተራ ነው» ይባባሉ ጀመር። የልጅ ሳቅ ከዚያ በፊት በዚያ መንደር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከልጆቹ አንዷ አትናገርም። አራት ዓመት ይሆናታል። እናቷ ቀጠን ያለች፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር ያሰረች ወጣት ሴት ናት። «ገና ወሎ፣ መጠለያው ውስጥ እያለን አባቷንና ወንድሟን በአንድ ሳምንት ቀበርን። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም» አለችኝ። ልጅቷ ጠዋት ስትመጣ ምሰሶውን ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ማታ እናቷ ስትወስዳት ከዚያው ምሰሶ ሥር ትነሣለች። ገንፎ ስሰጣት ትበላለች። ስጠራት ዞር ብላ ታያለች። በቃ።

ወደ ግንቦት ግድም አንድ ጠዋት ከደጅ ቁጭ ብለን ሳለ ከዋንዛው ላይ ጉሬዛዎች ወረዱ። መቼም ጉሬዛ ታውቂያለሽ፤ ጥቁር ሆኖ ከትከሻው ላይ ነጭ ፀጉር እንደ ኩታ የወረደለት። አንዱ ትልቅ ጉሬዛ ቅርንጫፉ ላይ በግርማ ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል። ልጅቷ ከምሰሶዋ ተነሥታ መጣች፣ ቀሚሴን ያዘች፣ በጣቷ እያሳየችኝ «ቄስ» አለች።

ሁላችንም ዞር አልን። «ቄስ» አለች ደግማ፣ ከዚያ ሳቀች። ተራ የደረሳቸው ሁለቱ እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ማታ ለእናቷ ስነግራት አላመነችኝም፤ ልጇን አቅፋ እስከ ቤቷ ድረስ «እስቲ በይ፣ እስቲ በይልኝ» እያለች ስትሄድ አያታለሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ክረምት ሲገባ ከመንግሥት የሚታደለው የእርዳታ ስንዴ ቆመ። መጀመሪያ ዘገየ አልን፤ ኋላ ነው የሰማነው። ሰፋሪዎቹ ራሳቸውን ችለዋል ተብሎ ሪፖርት ቀርቧል፤ ሪፖርቱን ያቀረበው የመንደሩ ካድሬ ነው። በቆሎው ገና እሸት አላፈራም፣ ካፈራውም ጦጣና ከርከሮ ቀድሞናል። የእፍኙ ዱቄት ግማሽ እፍኝ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀረ። ባለ ጎደሬዋ እናታችን የራሳቸውን ማሳ ቆፍረው ጨረሱት። እኔ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ደጅ ቆሜ እጃቸውን እየያዝኩ አስገባ ነበር፤ ሰላምታ ይመስላቸዋል። ጣቶቼ መጀመሪያ በሦስት ልጆች ክንድ ላይ ተገናኙ። በሁለት ሳምንት አሥራ አንድ ሆኑ። የዝምተኛዋ ልጅ ክንድ ላይ ጣቶቼ ከመገናኘት አልፈው ተደራረቡ።

መቱ ድረስ በእግሬ ሄጄ ለቢሮው ሰውዬ ነገርኩት። ፋይል ከፍቶ አየና «በሪፖርቱ መሠረት እናንተ ጋ ችግር የለም» አለኝ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ከዚያው ነው የመጣሁት» አልኩት። «በጽሑፍ ይምጣ፣ በካድሬው በኩል» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ካድሬው ከእኔ ቢበልጥ አምስት ዓመት ነው። ክፉ ፊት አልነበረውም። ብዙ ዓመት ክፉ አድርጌ ላስታውሰው ሞክሬ አልሆነልኝም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት መጥቶ ልጆቹ ከሚቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ እስከ አገጩ ደረሰ።

«ጓዲት፣ ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። የውጭ ሰዎች ናቸው። የሕፃናት ማዋያውን ማየት ይፈልጋሉ።»

«እህል ይዘው ነው?» አልኩ።

«ይዘዋል። የሚያስፈልገውን ቦታ አይተው ነው የሚሰጡት።» ከዚያ «እነዚህን ልጆች ግን እንዲያዩ አልፈልግም» አለ።

«ታዲያ የትኞቹን ሊያዩ ነው?»

«ከመቱ እናመጣለን፣ በካሚዮን። ለአንድ ጠዋት።»

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተራቡትን ካላዩ ለምን ይሰጡናል አልኩት። ግንባሩን ጠረገ። ቀኑ ብርድ ነበር፣ እሱ ግን አልቦታል። «የተራበ ሰፋሪ አለ ከተባለ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለኝ። «እኔ ተጠይቄ ብሄድ የሚተካኝ ሰው ለእናንተ ዱቄት አያመጣም። እንግዶቹ ይሂዱልኝ፤ በሳምንቱ ዱቄቱንም ወተቱንም በራሴ መንገድ አስመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

  ሲነሣ፣ «ወንድምሽ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ነው?» አለኝ።

«አሥረኛ።»

«ጎበዝ ተማሪ ነው ይባላል» አለና ሄደ። በዚያ ጊዜ ስለ ወንድ ልጅ ክፍልና ዕድሜ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ውትድርና ነው። እሺም እንቢም ሳልል ነገሩ እንደተስማማሁ ሆነ።

ለእናቶቹ መንገር የኔ ፋንታ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የደከሙትን ልጆች ይዛችሁ ከወንዙ ማዶ ከቡናው ሥር ጠብቁ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ እንጠራችኋለን አልኳቸው። ማንም አልተቆጣም። የዝምተኛዋ ልጅ እናት ብቻ ቀስ ብላ «ልጆቻችን ያሳፍራሉ?» አለችኝ።

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው» አልኩ። 

ሐሙስ ማለዳ እናቶቹ ወንዙን ተሻገሩ። ወንዝ የምለው ወደ ሶር ወንዝ የሚገባ ትንሽ ጅረት ነው፤ ውኃው ያኔ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ባለ ጎደሬዋ እናታችን ሁለት ልጅ አዝለውና አቅፈው አብረው ተሻገሩ። ሦስት ሰዓት ላይ የከተማው ልጆች ካሚዮኑ ከቆመበት በእግር እየተመሩ መጡ። ሁሉም ታጥበዋል፣ ተቀብተዋል። ከልጆቹ መሀል አንዷ እናትሽ ነበረች።

አዎ፣ እናትሽ። አምስት ዓመቷ ነው። አባባ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋላትን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ፣ እኔን ስታይ «እታቴ» ብላ እጇን ዘርግታ ሮጠች። ካድሬው አየኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ዛሬ አስተማሪሽ ነኝ፤ እታቴ እንዳትይኝ» አልኳት። ጨዋታ መሰላት፣ ደስ አላት። እኔ ግን እጇን ስይዛት ያቺ ወፍራም ክንድ ጣቶቼ መሀል አልገባ አለችኝ። እኅቴ በመጥገቧ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹ አራት ናቸው። ከነሱ አንዷ ረጅም ሴት ከቦርሳዋ ቀይና ቢጫና አረንጓዴ ያለበት ጥብጣብ አወጣች። ያን ነገር ያየሁት ያን ዕለት ነው የመጀመሪያዬ። ብዙ ልጆች ለካች። እናትሽን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ለካቻት፣ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳቀችና ብስኩት ሰጠቻት። እናትሽ እስከ ዛሬ ያን ቀን የምታስታውሰው በብስኩቱ ነው። በዓል ሲሆን «ፈረንጇ ያቀፈችኝ ቀን» እያለች ስታወራ ሰምተሽ ይሆናል። ሁላችሁም ትስቃላችሁ። እኔ ወጥ ላማስል እነሣለሁ።

ሴትዮዋ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀችኝ፤ «እነዚህ ልጆች ሁሉም የዚህ መንደር ልጆች ናቸው?» ካድሬው መሬት መሬት ያያል። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«አዎ» አልኩ።

«ምን ትመግቧቸዋላችሁ?»

«ገንፎ፣ በወተት» አልኩ። ወተቱን ማንም አላዘዘኝም። የመጀመሪያው ውሸት ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ራሱ መጣ።

አራት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ የተባሉት እንግዶች ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ቆዩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ወረደ። የኛን አገር የነሐሴ ዝናብ ላንቺ አልነግርሽም። የሣሩ ክዳን ላይ ሲያርፍ ሰው ከሰው አይሰማማም። ልጆቹ ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፣ አፋቸው ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፁ የለም። እኔ በበሩ በኩል ማዶውን አያለሁ። ከውኃው ጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከቤት ሲወጡ ቆዳ ወይም ሸራ የያዘ አንድም ሰው እንዳልነበር አውቃለሁ፤ አብሬ ነበር የሸኘኋቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ተነሡ። ረጅሟ ሴት ጨበጠችኝ። አስተርጓሚው «በጣም ደስ ብሏታል፤ እናንተ ደህና ናችሁ፣ ከናንተ የባሰባቸው ስላሉ የያዙትን ወደዚያ ይወስዱታል» አለኝ። ከመኪናው መንገድ ላይ የቆሙት ሁለት ካሚዮኖች ዱቄቱንና ወተቱን እንደያዙ ሄዱ። የከተማውን ልጆችም ወሰዷቸው። እናትሽ እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ወደ ጅረቱ ሮጥኩ። ጅረቱ ሞልቶ ጭቃና ግንድ ይዞ ይወርዳል። እነሱ ማዶ ናቸው፤ እናቶቹ በክብ ቆመው፣ ልጆቹን ከመሀል አድርገው፣ ነጠላቸውን ከላይ ዘርግተዋል። ነጠላው ውኃ ያንጠባጥባል። ለመሻገር ሞክሬ እስከ ወገቤ ገብቼ ውኃው ገፍቶ መለሰኝ። ቆመን ተያየን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያው ነበር። ውኃው ጎደል ሲል ወንዶቹ ገመድ ዘርግተው አሻገሯቸው። የዝምተኛዋ ልጅ እናት ልጇን ስታቀብለኝ የልጅቷ ሰውነት ከውኃው ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነች።

በማግስቱ አብዛኞቹ ትኩሳት ያዛቸው። በሳምንቱ ዱቄቱን ልጠይቀው ካድሬውን ፈለግኩት። ወደ ሌላ ቦታ በዕድገት ተዛውሯል አሉኝ። ቃሉንም አብሮ ይዞት ሄደ።

ዝምተኛዋ ልጅ ስትተነፍስ የጎኗ አጥንት ይገባና ይወጣል። እናቷ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝታ ተያይዘን ክሊኒክ ወሰድናት፤ እየተቀባበልን አዘልናት፣ ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ የሕክምና ረዳት፣ ደግ ሰው ነበር። መርፌ ወጋት፣ ሽሮፕ ሰጠን፤ ከዚያ ክንዷን ይዞ «መድኃኒቱን ሰጥቻችኋለሁ። ምግቡን ግን ከየት ላምጣላችሁ?» አለ። 

ከተመለስን በሦስተኛው ቀን እናቷ ወደ እርሻ እንድትወጣ ታዘዘች። ልጄ ታማለች አለች። ሊቀ መንበሩ «ሕፃን ያልታመመበት ቤት የት አለ?» አላት። ካልወጣች ነጥቡ ይቀራል፣ ነጥቡ ከቀረ እሸቱ ሲከፋፈል ድርሻ የላትም፤ እሸቱን ደግሞ ለልጅቷ ነበር የምትጠብቀው። ጠዋት ልጇን እጄ ላይ አኑራ፣ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሳ ሳመቻት። ሦስተኛውን አልተመለሰችም። ልጅቷ ቀትር ላይ እጄ ላይ አረፈች።

ለእናቷ ልነግራት ወደ እርሻው ስሮጥ ከሩቅ አየችኝ። ዶማዋን አልጣለችም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስተኛችው፣ ከዚያ ቁጭ አለች። የመንደሩ ሴቶች ከየአቅጣጫው መጥተው ከበቧት። ባለ ጎደሬዋ እናታችን ለራሳቸው መገነዣ ያስቀመጡትን አዲስ አቡጀዲ አምጥተው ልጅቷን ገነዟት፤ ተርፎ ነበር፣ ቁመቷ አጭር ስለሆነ። ሌሎች ሁለት ልጆችም በዚያው ወር ተከተሏት።

ከቀብሩ ማግስት መቱ ሄድኩ፣ ቢሮ ግን አልሄድኩም። ያሠለጠነችንን ነርስ ቤቷ ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካሚዮኑን፣ የተዋስናቸውን ልጆች፣ «አዎ» ማለቴን፣ ወተቱን። አልገሠጸችኝም። ቡትስ ጫማዋን አድርጋ በእግሯ ተከተለችኝ። ሁለት ቀን ቁጭ ብላ የእያንዳንዱን ልጅ ክንድ ለካች፣ ጻፈች፣ ፈረመች፣ እኔንም አስፈረመችኝ። ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ። ጽሑፉን የት የት እንዳደረሰችው አላወቅኩም። መስቀል አልፎ ዱቄትና የዱቄት ወተት መጣ። የቀሩት ልጆች ተረፉ። እጁ የተቃጠለው ልጅ ሳይቀር ተረፈ።

ወንድሜን በሚቀጥለው ዓመት ወሰዱት። በኔ ምክንያት ይሁን በተራው አላውቅም። እግሩን እየጎተተ ተመልሶ መጣ፤ ታውቂዋለሽ፣ አጎትሽ ነው። እኔም ስለዚያ ፊርማ አልነገርኩትም፣ እሱም ስለ ጦር ሜዳው አይነግረኝም።

እዚያ መንደር ስድስት ዓመት ቆየሁ። ያቺ እናት በነዚያ ዓመታት ሁሉ ተራዋ ሲደርስ ትመጣለች፣ የሰው ልጅ ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታበላለች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች። ከኔ ጋር ስለ ሟቿ ተነጋግረን አናውቅም፤ እሷ አትጠይቅም፣ እኔ አልጀምርም።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ መንደሩ ፈረሰ። ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ በተገኘው መኪና ወደ አገሩ መመለስ ጀመረ። እኔ ያኔ ወደ መቱ ተመልሼ ከአባባ ስፌት ቤት ነበርኩ። አንድ ጠዋት ያቺ እናት ትንሹን ልጇን አዝላ፣ በጆንያ የታሰረች ዕቃ ይዛ ከበሩ ቆመች። አውቶቡስ ልትሳፈር ነው። አባባ ወንበር ሰጣት። ውኃ አመጣሁላት፣ ጠጣች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ ለቀቀችው፣ የወደቀ ክር ይለቅም ጀመር።

«ልጄን ትቻት መሄዴ ነው» አለች።

የውኃውን ጣሳ ተቀበልኳት።

«እትዬ፣ የሌሊቷን እኔ አውቃለሁ» አለች። «ስታቃዥም፣ ውኃ ስትጠይቅም አጠገቧ ነበርኩ። የቀኑን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ሳልጠይቅሽ ይህን ያህል ዘመን የኖርኩ መልሱን ፈርቼ ነው። አሁን አገር ልገባ ነው፣ ከዚህ በኋላ የማገኝሽም አይመስለኝ። ያን ቀን ጠርታኝ ነበር ወይ?»

አባባ መርገጫውን ተወ፣ የስፌት መኪናው ቆመ። ለጥያቄዋ የሚስማማ ውሸት ለማግኘት ጊዜ ነበረኝ። አልጠራችሽም፣ ተኝታ ነው ያረፈች ብላት ልቧ ይቀልላት ይሆናል። ግን እኔ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያየሁት በቅቶኛል።

«ጠርታሻለች» አልኳት። «ሁለት ጊዜ ‹እማ› አለች። ወደ መንገዱ አየሁ፣ አንቺ የለሽም። ሁለተኛ ስትጠራ ‹ወዬ› አልኳት። በአንቺ ፋንታ መለስኩላት። ጣቴን ያዘች፣ አንቺ መሰልኳት፤ ከዚያ በኋላ አልተጣራችም። የኔ ባልሆነ ነገር ገብቼ ወዬ በማለቴ እስከ ዛሬ…»

 ረጅም ጊዜ ልጇን አየችው። ልጁ ቀይ ክር በጣቱ ላይ ይጠመጥማል።

«ወዬ አልሻት» አለች።

«አልኳት።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ቆየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ መዳፏ በዶማው ሻክሯል።

«እንኳንም ዝም አላልሻት» አለችኝ።